አንድ ኮለም 99.5 በመቶ ኢታኖል ሰጠኝ፤ ስህተቴ የት ላይ ነው? (የማስተርስ ፕሮሰስ ዲዛይን)

ሞላሰስ_17

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ለማስተርስ የፕሮሰስ ዲዛይን ኮርስ የያዝኩት ፕሮጀክት ከሞላሰስ ድፍድፍ፣ ቤንዚን ውስጥ የሚደባለቅ ኢታኖል ማውጣት ነው። ድፍድፉ በሰዓት 10,000 ኪ.ግ ይገባል፤ ኢታኖሉ በክብደት 8 በመቶ፣ መጠነ ሙቀቱ 30 °ሴ። የሚፈለገው ምርት 99.5 በመቶ።

በዲደብሊውሲም (የኬሚካል ሂደት ሲሙሌተር) አንድ የዲስቲሌሽን ኮለም ሠራሁ፦ 40 ስቴጅ (የመለያ ደረጃ)፣ ሪፍላክስ ሬሾ (ከላይ ተጨምቆ ወደ ኮለሙ የሚመለሰው ለሚወጣው ምርት ሲካፈል) 30፣ ሞዴሉ የራውልት ሕግ። 99.5 በመቶው ወጣ። ነገር ግን ለአንድ ሊትር ኢታኖል ወደ 10 ኪ.ግ እስቲም ይበላል። ሁለተኛው ሙከራ በኢትሊን ግላይኮል (ውሃውን ይዞ ኢታኖሉን የሚለቅ ፈሳሽ) ነው፤ እዚያ ደግሞ ሪሳይክሉ (ግላይኮሉ ተመልሶ የሚዞርበት መስመር) ሲዘጋ ስሌቱ አይረጋም፣ የግላይኮሉ መጠን በየዙሩ ይጨምራል። ከየት ልጀምር? ቅደም ተከተሉንም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። እህታችሁ።

ትሬይ_አምስት

እህቴ፣ ኮለሙ አልተሳሳተም። የጠየቅሽውን መልሶልሻል። የተሳሳተው ሞዴሉ ነው።

ራውልት የኢታኖልንና የውሃን ሞለኪውሎች እንደማይተዋወቁ አድርጎ ነው የሚያሰላው። በዚያ ስሌት የኢታኖል አንጻራዊ ተናኝነት (ከውሃ ይልቅ ወደ ተን የማድላት ልኩ) ከታች እስከ ላይ 2.3 አካባቢ ይሆናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ኢታኖሉ ቀጭን በሆነበት በድፍድፉ መግቢያ ላይ ወደ 10 ይጠጋል፣ ወደ ላይ ሲወጣ እየወረደ ሄዶ በክብደት 95.6 በመቶ (በሞል 89.4) ላይ ልክ 1 ይሆናል። አዚዮትሮፑ ይኸው ነው፤ በ1 አትሞስፌር በ78.15 °ሴ ይፈላል፤ እዚያ ላይ ተኑና ፈሳሹ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ስቴጅ ብትደራርቢ ምንም አይለውጥም።

ስለዚህ ሞዴልሽ በሁለት አቅጣጫ አሳስቶሻል። ከላይ የማይቻለውን ይቻላል ብሏል። ከታች ደግሞ ቀላሉን ክፍል ከባድ አድርጎታል፤ ሪፍላክስ 30 ያስፈለገሽና እስቲሙ 10 ኪ.ግ የደረሰው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ስህተት ያያል፣ ሁለተኛውን አያይም።

ኤንአርቲኤል (የሁለቱን ሞለኪውሎች መሳሳብና መገፋፋት የሚቆጥር ሞዴል) ምረጪ፤ ከዚያ ግን ወደ ኮለሙ አትሂጂ። መጀመሪያ የሁለቱን ውህድ የተንና የፈሳሽ ሚዛን በ1 አትሞስፌር አስልተሽ ከታወቀ የሙከራ ውጤት ጋር አስተያዪ። ሦስት ነጥብ ይበቃል፦
ፈሳሹ በሞል 0.0190 ሲሆን ተኑ 0.1700፣ 95.5 °ሴ
ፈሳሹ 0.0721 ሲሆን ተኑ 0.3891፣ 89.0 °ሴ
ፈሳሹ 0.8943 ሲሆን ተኑም 0.8943፣ 78.15 °ሴ

ሦስቱ ካልተቀራረቡ የሁለትዮሽ ፓራሜትሮቹ አልተጫኑም ማለት ነው። አንዳንድ ሲሙሌተር ፓራሜትር ሲያጣ ዜሮ አድርጎ ዝም ብሎ ይቀጥላል፤ ዜሮ ያለበት ኤንአርቲኤል ደግሞ ተመልሶ ራውልት ነው።

ሚዛን_በእጅ

ከላይ ለተባለው አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔ ግን ከሞዴሉም በፊት ወረቀትና እርሳስ አስቀድማለሁ። በማስተርስ ደረጃ ሲሙሌተር መክፈት ቀላል ነው። ከባዱ የሰጠሽን ቁጥር ማመንም መጠርጠርም መቻል ነው፤ ለዚያ የራስሽ ቁጥር ያስፈልግሻል። የአንቺን ጉዳይ እንዲህ ይዤዋለሁ።

የሚገባው ኢታኖል 800 ኪ.ግ በሰዓት ነው። 99.5 በመቶውን ብንይዝ 796 ኪ.ግ ወደ ላይ ይሄዳል፣ 4 ኪ.ግ በአተላው (ፋብሪካ ውስጥ ቪናስ የሚሉት) ይወጣል። ከኮለሙ ራስ 92.5 በመቶ ብናወጣ የሚወጣው 796 ለ0.925 ሲካፈል 860 ኪ.ግ ገደማ፤ አተላው 9,140 ኪ.ግ። የመጨረሻው ምርት 800 ኪ.ግ፣ ማለትም 1,013 ሊትር ያህል ነው። ለአንድ ሊትር ኢታኖል 9 ሊትር አተላ ማለት ነው።

860 ኪ.ግ በሞል ሲለወጥ 20.9 ኪሎሞል በሰዓት ነው። በሪፍላክስ ሬሾ 3 ወደ ኮንደንሰሩ የሚወጣው ተን የዚህ አራት እጥፍ፣ 83.5 ኪሎሞል። ለአንድ ኪሎሞል 39 ሜጋጁል የመትነን ሙቀት ብንይዝ 904 ኪሎዋት፤ በ3 ባር እስቲም በሰዓት 1,500 ኪ.ግ። በሊትር 1.5 ኪ.ግ። ይህ ድፍድፉ ለመፍላት ተቃርቦ ከገባ ነው። በ30 °ሴ ቀዝቃዛ ከገባ ግን እስከ 93 °ሴ ለማሞቅ ሌላ 700 ኪሎዋት ይጨመርበታል። ሲሙሌተሩ ከዚህ በ15 በመቶ ቢለይ አይገርመኝም። በስድስት እጥፍ ከተለየ ግን የሚፈተሸው ሲሙሌተሩ ነው።

በዚያው ወረቀት ላይ የኮለሙን ስፋትም መገመት ይቻላል። 83.5 ኪሎሞል ተን በ78 °ሴ 0.67 ኪዩቢክ ሜትር በሰከንድ ነው፤ በ1.4 ሜትር በሰከንድ ፍጥነት ሲካፈል ወርዱ 0.8 ሜትር አካባቢ ይመጣል።

ሞላሰስ_17

እጅግ አመሰግናለሁ። ኤንአርቲኤል አድርጌ ሦስቱን ነጥብ አስተያየሁ፣ ተቀራርበዋል። ኮለሙ አሁን 95 አካባቢ ላይ ይቆማል። ግን ለምን 92.5 መረጡ? 95 ላይ ብናደርሰው ለማድረቂያው የሚቀረው ውሃ ያንስ ነበር።

ትሬይ_አምስት

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ዲዛይኑ የሚጀምረውም ከዚህ ነው። የማካቤ-ቲል ሥዕል (በተንና በፈሳሽ ሚዛን መስመር ላይ ስቴጅ የሚቆጠርበት) ሣዪ። የ92.5 በመቶ ምርት (በሞል 0.828) ዝቅተኛውን ሪፍላክስ የሚወስነው የድፍድፉ መግቢያ ነው፤ ወደ 2.5 ይመጣል። 3 ማለት የዚያ 1.2 እጥፍ ነው። ምርቱ 95 በመቶ (በሞል 0.88) ሲሆን ግን የላይኛው የአሠራር መስመር መግቢያው ጋ ሳይደርስ ራሱ አጠገብ ከሚዛን መስመሩ ጋር ይነካካል። ዝቅተኛው ሪፍላክስ ወደ 3 ይዘልላል፣ ከላይ በተያዘው ሬሾ 3 ላይም የስቴጁ ብዛት መጨረሻ የለውም።

የፌንስኬ፣ አንደርውድና ጊሊላንድ አቋራጭ ስሌት ይህን መነካካት ጭራሽ አያየውም፤ አንጻራዊ ተናኝነትን እንደማይለወጥ ቁጥር ነው የሚይዘው። ከ10 እስከ 1 በሚወርድ ውህድ ላይ አማካዩን ወስዶ ስቴጅ መቁጠር ትርጉም የለውም። ለሃይድሮካርቦን ጥሩ መሣሪያ ነው፣ ለዚህ ግን አይሆንም።

ኮለሙ ላይ የምትሰጪውንም ነገር ተጠንቀቂ። ተራ ኮለም ሁለት ነጻ ምርጫ ብቻ አለው። መጀመሪያ ሪፍላክስ ሬሾና የላይ ምርት መጠን ሰጥተሽ አስረጊው፤ ከረጋ በኋላ አንዱን በንጽሕና ተኪው። ገና ከመጀመሪያው 99.5 በመቶ ብለሽ ብታዥው የማይቻል ነገር ስለሆነ ስሌቱ ይሽከረከራል፤ መልእክቱ ግን «አልተቻለም» ሳይሆን «አልረጋም» ነው የሚለው።

ጋሼ_እስቲም

ግላይኮሉን ለምን እንደመረጥሽ ልጠይቅ ነበር። መጽሐፍ ላይ ስላለ ከሆነ ቦታውን አይተሽ ወስኚ።

ሞላሰስ የሚገኘው ስኳር ፋብሪካ አጠገብ ነው፤ እኛ አገር ፊንጫና መተሐራ ከሞላሰስ ኢታኖል ሲያመርቱ ኖረዋል። ስኳር ፋብሪካ የሚተርፈው እስቲም ከተርባይን የወጣ፣ ከ120 እስከ 130 °ሴ የሚደርስ ዝቅተኛ ግፊት ያለው ነው። ንጹሕ ኢትሊን ግላይኮል ደግሞ በአትሞስፌር ግፊት በ197 °ሴ ይፈላል። የግላይኮሉ ማገገሚያ ኮለም ሪቦይለር (የታች ማፍያ) በተራፊ እስቲም አይሠራም። ወይ 20 ባር አካባቢ እስቲም ያስፈልጋል፣ ወይ ኮለሙን በቫኪዩም ማሠራት፤ በመጠነኛ ቫኪዩም እንኳ 130 °ሴ አይበቃም።

ሞለኪዩላር ሲቭ ከዚህ ቦታ ጋር ይስማማል። የ3ኤ ዚዮላይት ቀዳዳ 3 አንግስትሮም ነው፤ ውሃ 2.8 ስለሆነ ይገባል፣ ኢታኖል 4.4 ስለሆነ በውጭ ያልፋል። ሁለት ታንክ ተፈራርቀው ይሠራሉ፤ አንዱ ሲያደርቅ ሌላው በቫኪዩም፣ ከደረቀው ተን ጥቂቱ እየተነፋበት ይታደሳል። ተኑ ከፍል ነጥቡ በላይ ሞቆ መግባት አለበት፤ የፈሳሽ ጠብታ ከገባ እንክብሎቹ ይፈረካከሳሉ፣ ዱቄቱም ቫልቭ ውስጥ ይገባል።

ለምን 99.5 ድረስ? አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ2008 5 በመቶ ኢታኖል ቤንዚን ውስጥ መደባለቅ ሲጀመር የሚያስፈልገው ደረቅ ኢታኖል ነበር። ውሃ ያለበት ኢታኖል ቤንዚን ውስጥ ሲገባ ውሃው ኢታኖሉን ይዞ ከታች ይለያል። 92 በመቶው ለሌላ አገልግሎት ይሆናል እንጂ ቤንዚን ውስጥ ለመደባለቅ አይሆንም።

ሚዛን_በእጅ

ጋሼ ያሉትን እቀበላለሁ። ግን አንድ ነገር እንዳይረሳ፤ ሲቩ ነጻ አይደለም። ለማደሻ የደረቀው ተን 20 በመቶ ይሄዳል እንበል። 800 ኪ.ግ ምርት እንዲቀር ሲቩን 1,000 ኪ.ግ ደረቅ ተን ማለፍ አለበት፤ 200ው ማደሻ ይሆናል። ከኮለሙ የሚወጣው 860 ሳይሆን 1,076 ኪ.ግ ይሆናል፣ 276 ኪ.ግ ደግሞ በ72 በመቶ ኢታኖል ወደ ኮለሙ ይመለሳል። የላይ ምርቱ በ25 በመቶ አደገ። ሪፍላክስ ሬሾው ካልተለወጠ 904ቱ ኪሎዋት ወደ 1,130 ይወጣል፣ እስቲሙም ከ1.5 ወደ 1.9 ኪ.ግ በሊትር ገደማ። ሪሳይክሉ ድፍድፉ የሚገባበት ትሬይ (የኮለሙ ወለል) ላይ ከተመለሰ የተለየውን መልሶ መቀላቀል ነው፤ 72 በመቶ ፈሳሽ ካለበት ትሬይ ላይ መልሽው።

ብዙ የትምህርት ሪፖርት ሲቩን አንድ ሳጥን አድርጎ «ውሃውን 100 በመቶ ይለያል» ብሎ ያልፋል። ሲሙሌተሩ ተፈራራቂ ታንክ አያውቅምና ሳጥን ማድረጉ ልክ ነው። የማደሻው መስመር ግን ከሳጥኑ ወጥቶ መመለስ አለበት፤ አለዚያ የኃይል ስሌቱ ከአምስቱ አንዱን ያህል ያንሳል።

ቀለበት

ስለ ግላይኮሉ መጨመር የመለሰ የለም፤ ምርጫው ቢለወጥም ችግሩ ሌላ ፕሮጀክት ላይ ይጠብቅሻል። ምክንያቱ የሜክአፑ (የጠፋውን ለመተካት የሚጨመረው ግላይኮል) መጠን ነው።

ግላይኮሉ ከምግቡ ጋር አንድ ለአንድ በሞል ከሆነ ወደ 1,300 ኪ.ግ በሰዓት ይዞራል። ምርቱ ውስጥ የሚጠፋው 50 ፒፒኤም ብንል 0.04 ኪ.ግ ነው። አንቺ ሜክአፑን በሰዓት 1 ኪ.ግ ብለሽ ቋሚ አድርገሽው ከሆነ፣ 0.04 ይወጣል፣ 1 ይገባል፤ የሚጨመረው መሄጃ የለውም፣ ያድጋል። ሲሙሌተሩ ትክክል ነው። ሜክአፑን አንቺ አትስጪው፤ «በሁለቱ መውጫ የጠፋው ግላይኮል ድምር» ብለሽ በቀመር እንዲሰላ አድርጊ።

ሌላው የመቻቻያ ልኩ (ስሌቱ ረግቷል የሚባልበት የስህተት ልክ) ነው። ብዙ ጊዜ ከአሥር ሺህ አንድ ተብሎ ይቀመጣል። የ1,300 አሥር ሺህኛ 0.13 ኪ.ግ ነው፤ ከጠፋው ከ0.04 ይበልጣል። «ረግቷል» የሚለው ስሌት የግላይኮሉን ሚዛን አልዘጋም ማለት ነው። ወደ ሚሊዮን አንድ አጥብቂው።

አዘጋጉ፦ ስሌቱን ለመጀመር የምትቆርጪው መስመር ከማገገሚያው ተመልሶ የሚመጣው ንጹሑ ግላይኮል ይሁን፤ ምንነቱ ከሞላ ጎደል ይታወቃልና ጥሩ መነሻ ግምት ይኖርሻል። መጀመሪያ ሳትዘጊው 1,300 ኪ.ግ ስጪና አሂጂ፣ የተመለሰውን አስተያዪ፣ ከተቀራረበ ዝጊ። በቀጥታ መተካት ቀርፋፋ ነው፣ ግን የት እንደሚሄድ ያሳያል። ዌግስታይን የሚባለው የስሌት ስልት ያፈጥናል፤ ሁለት ሪሳይክል እርስ በርስ ሲነካኩ ግን ያወዛውዛል፣ ያን ጊዜ ብሮይደን ይሻላል።

ግላይኮል ባለበት ኮለም ሪፍላክስ መጨመር ንጽሕናን ይቀንሳል፤ ከላይ የሚመለሰው ኢታኖል ግላይኮሉን ያቀጥነዋልና። ተራ ኮለም ላይ የለመደ እጅ ንጽሕና ሲወርድ ሪፍላክስ ይጨምራል፣ እዚህ ያባብሰዋል።

ፒንች_ነጥብ

የሙቀት ቅንጅቱን ልያዝ። ቦዶ ሊንሆፍ በ1970ዎቹ መጨረሻ ሊድስ ላይ ያነሳው የፒንች ሐሳብ (የሚሞቀውና የሚቀዘቅዘው መስመር በሙቀት በጣም የሚቀራረቡበት ነጥብ የሚተርፈውን ሙቀት ይወስናል የሚለው) በዚህ ፕሮጀክት ላይ በሁለት መስመር ይታያል።

ድፍድፉ ከ30 ወደ 93 °ሴ መሞቅ አለበት፤ የሙቀት አቅም ፍሰቱ 40,000 ኪሎጁል በሰዓት በዲግሪ። አተላው በ105 °ሴ ይወጣል፣ 37,500። የድፍድፉ ስለሚበልጥ ሁለቱ የሚጠብቡት በቀዝቃዛው ጫፍ ነው። 10 ዲግሪ ልዩነት ብትፈቅጂ አተላው እስከ 40 ይቀዘቅዛል፣ ድፍድፉ 91 ይደርሳል፣ 677 ኪሎዋት ይተርፋል። ከ700 ውስጥ ማለት ነው!

አሁን 20 ዲግሪ አድርጊው። አተላው 50 ላይ ይቆማል፣ ድፍድፉ 81.6፣ የሚተርፈው 573 ኪሎዋት። የሙቀት ማስተላለፊያ ኮፊሸንቱን 800 ዋት በካሬ ሜትር በዲግሪ ብንይዝ ስፋቱ በመጀመሪያው 71፣ በሁለተኛው 33 ካሬ ሜትር ነው። በ38 ካሬ ሜትር ብረት 104 ኪሎዋት፣ ማለትም 173 ኪ.ግ እስቲም በሰዓት ትገዢያለሽ፤ በዓመት 7,200 ሰዓት ቢሠራ 1,246 ቶን። ሪፖርትሽ ላይ የሚያስፈልገው ይህ ንጽጽር ነው። «10 ዲግሪ ወሰድን» ብቻ ማለት ውሳኔ አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፤ የሞላሰስ ድፍድፍ ካልሲየም ሰልፌት አለው፣ ሲሞቅ ሟሟነቱ ይቀንሳልና የሚጣበቀው በሞቃቱ በኩል ነው። 800 የሚለውን ንጹሕ ሰሌዳ ላይ አትያዢው፤ ቆሻሻውን አስገብተሽ ያዢው፣ ለማጠቢያ የሚፈራረቅ ሁለተኛ ማሞቂያም ዋጋው ውስጥ ይግባ።

ጋሼ_እስቲም

ከዚህ የሚበልጥ ቁጠባ ግን ከግፊት ይገኛል። አንዱን ኮለም ለሁለት ክፈሉና የድፍድፉን ኮለም በ0.5 ባር፣ ማጎልበቻውን (ኢታኖሉን የሚያወፍረውን) በ2 አትሞስፌር አሠሩ። በ2 አትሞስፌር የኢታኖል ተን በ97 °ሴ ይጨመቃል፣ በ0.5 ባር ውሃ በ81 °ሴ ይፈላል፤ የአንዱ ኮንደንሰር የሌላው ሪቦይለር ይሆናል። ቅርፊቱም ይቀንሳል፣ ድፍድፉ ቀዝቀዝ ብሎ ስለሚፈላ።

ፒንች_ነጥብ

ልክ ነው ጋሼ። ሁለቱን ቁጠባ ግን እየደመሩ መቁጠር አይቻልም። ኮለሙ በ0.5 ባር ከሆነ አተላው በ105 ሳይሆን በ82 °ሴ አካባቢ ይወጣል። ድፍድፉም ቀደም ብሎ ይፈላል፤ የኔ ሠንጠረዥ እንደገና መሠራት አለበት።

ቫኪዩሙ አደጋም ይዞ ይመጣል። ፍላንጅ ቢያፈስ አየር ወደ ውስጥ ይገባል፤ የኢታኖል ተን በአየር ውስጥ በይዘት (በቮልዩም) ከ3.3 እስከ 19 በመቶ ሲሆን ይቀጣጠላል። የቫኪዩም ፓምፑ መውጫ ላይ የኦክስጅን መለኪያ ከመጀመሪያው ሥዕል ላይ ይግባ። የኮንደንሰሩ ውሃ ቢቋረጥስ? እስቲሙ ራሱ መዘጋት አለበት። ፍሎሪዳ ጃክሰንቪል ላይ የቲ2 ላቦራቶሪስ ሪአክተር ዲሴምበር 19 ቀን 2007 ፈንድቶ 4 ሰው ሲገድል ማቀዝቀዣው መጠባበቂያ አልነበረውም። ከምርመራው በኋላ የአደገኛ ሪአክሽን ትምህርት በኬሚካል ምሕንድስና ሥርዓተ ትምህርት እንዲገባ ምክር የቀረበው ለዚህ ነው። የአንቺ ሂደት ኮለም እንጂ ሪአክተር አይደለም፣ ጥያቄው ግን ያው ነው።

ሞላሰስ_17

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን 92.5 በመቶ፣ ሪፍላክስ 3፣ ሲቩ ከነማደሻው ተመላሽ ገብቷል፤ እስቲሙ በሊትር 1.9 ሆነ። ግን መምህሬ ፊዩዝል ዘይት (ከኢታኖሉ ጋር አብረው የሚፈጠሩ ከባድ አልኮሎች) እንድጨምር ስለጠየቁ አይሶአሚል አልኮል ትንሽ አስገባሁና ኮለሙ እንደገና መርጋት አቃተው። 0.02 በመቶ ብቻ ነው።

ቀለበት

መጠኑ ሳይሆን መውጫው ነው ችግሩ። አይሶአሚል ብቻውን በ131 °ሴ ይፈላል፤ ስለዚህ ከታች ይወርዳል ብለሽ ትጠብቂያለሽ። ቀጭን ኢታኖል ውስጥ ግን ውሃው ስለሚገፋው ከውሃ ይበልጥ ይተንናል፣ ወደ ላይ ይወጣል። ላይ ኢታኖሉ ሲወፍር ደግሞ ከኢታኖል ያነሰ ይተንናልና ወደ ታች ይመለሳል። መሃል ላይ ይታሠራል። በሰዓት 2 ኪ.ግ ይገባል፣ በሁለቱም ጫፍ የሚወጣው ከዚያ ያነሰ ነው፤ ትሬዮቹ ላይ እየተጠራቀመ የሙቀት መስመሩን ያዛባል፣ አንዳንድ ቦታም ፈሳሹን ለሁለት ይከፍለዋል።

የትሬዮቹን ይዘት አትሚና አይሶአሚል የሚበዛበትን ፈልጊ። እዚያ ላይ የጎን መውጫ ክፈቺ፤ ከላይ ምርቱ 1 በመቶ ያህል ጀምሪ። የወጣውን አቀዝቅዢ፣ ውሃ ጨምሪበት፣ ዲካንተር ውስጥ ይለይ፤ የላይኛው ዘይት ይወጣል፣ የታችኛው ውሃና ኢታኖል ወደ ድፍድፉ ኮለም ይመለሳል። ለዲካንተሩ ኤንአርቲኤሉ የፈሳሽና የፈሳሽ ሚዛን ፓራሜትር ያስፈልገዋል፤ የተንና የፈሳሹን ወስደሽ ብትሠሪበት መለየቱን ላያሳይሽ ይችላል።

ሞላሰስ_17

የበዛው ከመግቢያው በላይ አራተኛው ስቴጅ ላይ ነበር። መውጫውን ከፈትኩ፣ ረጋ። ዲካንተሩን ዛሬ ማታ እሠራለሁ።